ዋስ ይዤ መድን ፍለጋ፦ ከኢስት ፖይንት እስከ ተራራው ወንዝ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቆቹ ነው። ፎቅ በፖስት ካርድም ይታያል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት በአትላንታ ስላሳለፍኳት የመጨረሻ ሳምንት ነው። በዚያች ሳምንት አራቱን ቀን መድን ስመርጥ፣ ሦስቱን ቀን ደግሞ መድኑ ወደተገዛለት ወንዝ ስሄድና ስመለስ ከረምኩ። በየቀኑ ተራ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ እንደሚያውቁት ቅደም ተከተል ሲዛባ አልወድም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። ለሁለት ወር የመምህራን ሥልጠና ስመረጥ ዋስ አምጣ ተባልኩ። ወጥቶ የሚቀረው ስለበዛ ያለ ዋስ የሚወጣ የለም። ዋስ የሆኑኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ በትምህርት ቤታችን ሒሳብ የሚያስተምሩ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው። ጳጉሜ ከመግባቱ በፊት የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀርቤ ካልፈረምኩ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። የፈረሙ ዕለት የተናገሩኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ብርሃኑ፣ እኔ የፈረምኩት ለሙሉ ሰው ነው። ሙሉ ሆነህ ተመለስ።»

ሰኞ

ሥልጠናው ዓርብ አልቋል፤ አውሮፕላኔ የሚነሳው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው። በመካከሉ ያረፍኩት ኢስት ፖይንት፣ ጋሽ ኃይሉ ቤት ነው። ጋሽ ኃይሉ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚያ ኑሮ መሥርተዋል፤ አሁን በአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ። ቤታቸው ለማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል፤ ሁሉም እንደጀመረ ዝም ብሎ ይጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። እኛም ደብረ ብርሃን በረዶ ቆርቆሮ ሲመታ የምናደርገው ይህንኑ ስለሆነ አልተቸገርኩም።

ፍልሰታ በዋዜማው ተፈትቶ ስለነበር ምሳው ዶሮ ነበር። እየበላን ሳለ ዳኒ መጣ። ዳኒ የቤቱ ወዳጅ የሆነ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይርቅ፣ መሀል ከተማው ሚድታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ ኮሌጅ የሚማር ሰው ነው።

«ቅዳሜ ራፍቲንግ እንሄዳለን» አለ ተቀምጦ ሳያበቃ። «ለሦስት ሰው ሪዘርቭ አድርጌያለሁ። አንተ ኃይሉ፣ እኔና ብርሃኑ። ካንሰል ማድረግ የለም፣ ዩ ኖው።»

ጋሽ ኃይሉን የሚያህል ሰው «አንተ» ሲል ሰምቼ ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። እሳቸው ለምደውታል፤ አጥንታቸውን እየጋጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ራፍቲንግ ማለት በጎማ ጀልባ ተቀምጦ፣ ከተራራ እየተወረወረ የሚወርድ ወንዝ ላይ መንሸራተት ነው። የሚደረገውም ለደስታ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ወንዝ የሚሻገረው ማዶ ጉዳይ ሲኖረው ስለሆነ ነገሩ እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ፤ ከገባኝ በኋላ ግን ልቤ ተነሣ። ሁለት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

የጋሽ ኃይሉ ባለቤት እትዬ ዘነበች ሹካቸውን አስቀመጡ። ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናቸው፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ ነው የሚያዙት።

«ኃይሉና ዳኒ ከሥራቸው ኢንሹራንስ አላቸው። ያንተስ?»

«የእኔ ከሥልጠናው ጋር ዓርብ አለቀ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ቤት ትውላለህ።»

«እትዬ፣ ዋና ባልችልም ጥንቃቄ እችላለሁ» አልኩ።

«ተጠንቅቀው የመጡትን ነው እኔ በየቀኑ የማጥበው። እዚህ አገር ሆስፒታል ስትገባ መጀመሪያ የት አመመህ አይሉህም፤ ካርድህን ይሉሃል። ወይ ወረቀቱን ታመጣለህ፣ ወይ ወንዙን በዳኒ ፎቶግራፍ ታያለህ። እግርህን ብትሰብር እኮ የሚታመመው እዚያ ያሉት ሰውዬህ ናቸው።»

ስለ ጋሽ ተሰማ ነግሬያቸው ነበር። «ወረቀቱን አመጣለሁ» አልኩ።

ማክሰኞ

በባቡር ሚድታውን ወረድኩ። ዳኒ የሦስት መድን ሻጮችን አድራሻ ጽፎልኝ ነበር።

መድን ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ ላስረዳ፦ እድራችንን አስቡ። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑና ንፍሮው ይመጣለታል። መድንም መዋጮ ነው፤ ልዩነቱ አብሮህ የሚያዋጣውን ሰው አለማወቅህ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። እድር የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ የጉዞ መድን ግን ሰውዬው ገና እያቃሰተ ሳለ ይደርሳል።

የመጀመሪያውን ቢሮ በቀላሉ አገኘሁት። በሁለተኛው ሕንፃ ግን ስገባ ሦስት ሰዎች በሰልፍ ቆመው አየሁ። ሰልፍ ካየሁ ከኋላው መቆም ልማዴ ነው፤ ቀበሌ ሱቅ ፊት ያደገ ሰው መጀመሪያ ይቆማል፣ ምን እንደሚታደል የሚጠይቀው ቆይቶ ነው። በሩ ተከፈተ፤ አብሬያቸው ገባሁ፤ ለካ ሊፍት ነበር። ዘጠነኛ ፎቅ ደርሰን ሦስቱም ወደየክፍላቸው ሲበተኑ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። አንድ መስኮት የሚወለውል ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ የያዝኩትን አድራሻ አየና ሥራውን ጥሎ እስከ ታች ድረስ አወረደኝ፤ ከበሩ ላይም «አሁን ሰልፍ ብታይ አትግባ» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሮው ከሊፍቱ አጠገብ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ወረቀት ይዤ ተመለስኩ፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ።

ረቡዕ

ጠዋት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ፣ እርሳስና መዝገበ ቃላት ዘርግቼ ሰንጠረዥ አሰመርኩ። በቁመት ሦስቱን ወረቀቶች፣ በአግድም ደግሞ ጥያቄዎቹን ጻፍኩ፦ ወንዝ ይፈቅዳል? ሐኪም ይከፍላል? ከታመምኩ አገሬ ያደርሰኛል?

አንባቢ አንድ ቀን መድን ቢገዛ ይህችን ያስታውስ፦ ውል የሚነበበው ከጀርባው ነው። ፊቱ ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ባሕር ዳርቻ ተቀምጧል። ጀርባው ላይ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ የማይከፈልበት ነገር ሁሉ ተዘርዝሯል። ቢጫው ወረቀት ሻንጣ ቢጠፋብኝ ይክሳል፤ ሻንጣዬ ውስጥ ያለው ሁለት ሸሚዝና ጠመኔ ነው። በጀርባው ተራራ መውጣትን፣ ከአውሮፕላን መዝለልን፣ ፈረስ መጋለብንና በጀልባ ወንዝ መውረድን አልቀበልም ይላል።

«በቅሎስ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ ከሥራ ተመልሰው ጫማቸውን እያወለቁ።

«በቅሎ አልተጠቀሰችም።»

«እንግዲያው ወንዙን በበቅሎ እንውረድ።»

ሰማያዊው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል፤ ይህ ቁጥር ያለው ነዋሪው ነው፣ እንግዳ የለውም። የቀረው ነጩ ነው። ነጩ ወንዝ ይፈቅዳል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ጀልባውን የሚመራው ሰው የሥራ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ሐኪም ይከፍላል። ከታመምኩም እስከ አገሬ ያደርሰኛል። በሰንጠረዤ ላይ ነጩን ሦስት ጊዜ ምልክት አደረግሁበት፤ ከዚያ እንዳልሳሳት ሁሉንም ከመጀመሪያው እንደገና አነበብኩ።

«እኔ ዘነበችን ስመርጥ ይህን ያህል ጊዜ አልፈጀብኝም» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«መራጩ ማን ሆነና ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች ከጓዳ። «ሰንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ እኮ ሦስተኛ ነበርክ፤ ሁለቱ ዕድላቸው ሆኖ ቀሩ።»

አውሮፕላን አለፈ። ጋሽ ኃይሉ መልሳቸውን ይዘው ጠበቁ፤ ድምፁ ሲርቅ ግን ረስተውት ነበር፤ ወይም የረሱ መሰሉ።

ሐሙስ

አሁን የማወራውን በአሜሪካ ያደረግነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ውል ልንፈርም ነው። ውል ካለ ዋስ አለ፤ ዋስ ካለ ምስክር አለ። ይህን ማንም ሳይነግረን ሦስታችንም እናውቀዋለን። ጋሽ ኃይሉ ዋሴ ሊሆኑ፣ በዚያ በነሐሴ ሙቀት፣ ሙሉ ልብስ ከነከረቫቱ ለበሱ፤ መታወቂያቸውን፣ የቤታቸውን ውልና ከአለቃቸው የተጻፈላቸውን የምስጋና ደብዳቤ በፖስታ ያዙ። ዳኒ ምስክር ሆኖ ከመኪና ማቆሚያው አስፈቅዶ መጣ። ሦስት ሆነን ነጩን ወረቀት ወደሰጡኝ ቢሮ ገባን።

የምታስተናግደው ካሮል የምትባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። በረዶ የተሞላ ጣፋጭ ሻይ አቀረበችልን። ሻይ በበረዶ ሲጠጣ ሁለት ወር አይቼ አልለመድኩትም፤ ጋሽ ኃይሉ ግን ላብ በላብ ስለነበሩ ጨልጠው ጠጡት።

«እነዚህ ጌቶች ማን ናቸው?» አለችኝ።

«እኚህ ዋሴ ናቸው። ይህ ምስክሬ።»

ካሮል ጋሽ ኃይሉን ከጫማ እስከ ከረቫት አየቻቸው። «የምን ዋስ?»

ጋሽ ኃይሉ ተነሥተው ፖስታቸውን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱ። ይህ ልጅ ምግባረ መልካም መሆኑን፣ እናቱን እንደሚያውቁ፣ ሳያስፈልግ እግሩን እንደማይሰብርና ቢሰብርም ዋሽቶ እንዳልሆነ፣ ለዚህ ሁሉ ራሳቸው ተጠያቂ እንደሚሆኑ በቆንጆ እንግሊዝኛ አስረዱ። ካሮል እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ሃኒ፣ ዋሱ እኮ እኛ ነን። የሚከፍለውም ለዚህ ነው» አለች። ሃኒ ማለት ማር ማለት ነው፤ በዚያ አገር ለማንም ይባላል፤ ጋሽ ኃይሉ ግን ለእትዬ ዘነበች እንዳንነግር ደረጃው ላይ አስማሉን።

«ሳያውቁት?» አሉ ጋሽ ኃይሉ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ። «ሳያውቁት እንዴት ዋስ ይሆኑታል?»

ቅር ብሏቸው ነበር። ካሮልም ቃሉን ሳይሆን ፊታቸውን አንብባ ወረቀቱን ገለበጠችና አንድ መስመር አሳየቻቸው፦ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው። ጋሽ ኃይሉ መነጽራቸውን አድርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፉ፤ ፊርማ ባይጠየቁም ፈረሙ። ዳኒም ከጎኑ ፈረመ። «ለምንም አይጠቅምም፣ በት ኢት ሉክስ ናይስ» አለ፤ ሲያዩት ያምራል ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ካሮል እየሳቀች፣ «ብትሞት ገንዘቡ ለማን ይሰጥ?» አለችኝ።

«ከአፏ ይውጣ!» አሉ ጋሽ ኃይሉ። «ምን ያለች ሴት ናት? አሁን ማር ብላን!»

እኔ ግን አሰብኩበት። እናቴ ወንድሞቼ አሏት። በእኔ መቅረት የሚጎዱትና ሌላ መከታ የሌላቸው አንድ ሰው ናቸው። ተሰማ ብዬ ጻፍኩ፤ ከነአባታቸው። ዝምድና የሚል ቦታ ላይ የምጽፈው አጣሁ፤ «ዋሴ» እንዳልል ዋሱ እነሱ ናቸው። ካሮል ስለ ሰውዬው እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ብዕሩን ከእጄ ወሰደችና በራሷ እጅ «ወዳጅ» ብላ ሞላችው።

ዓርብ

እትዬ ዘነበች ወረቀቱን አጣጥፈው ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ሰፉትና በክር አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። «ክታብ ነው የሚመስለው» አልኳቸው። «ክታብ ነው» አሉ።

በጋሽ ኃይሉ አሮጌ መኪና ወደ ሰሜን ተጓዝን። ሮዝዌል እስከሚባለው ከተማ ድረስ ሣሩ የተቆረጠ ግቢና ቤት ብቻ ነው፤ አጥር የለም። አጥር በሌለበት ሰፈር ጎረቤት በምን ተደግፎ እንደሚያወራ እንጃ። ከዚያ ወዲያ ኮረብታ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ተራራ። የእኛን ገደል፣ ጣርማ በርን የለመደ ሰው ተራራቸውን አይቶ አይደነግጥም፤ የሚደነቀው እስከ ጫፉ ዛፍ መሆኑ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት አሮጊት የምታስተናግድበት የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ቆምን። ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። ሰሌዳው ላይ ካለው ሁሉ አንዱን ሳይ ጮህኩ፦ ጎመን! መጣ፤ ራሱ የእኛው ጎመን፣ አረንጓዴ፣ የበሰለ። ሁለት ጉርሻ ያህል በልቼ ሹካዬ አንድ ሮዝ ነገር አወጣ። የአሳማ እግር ነበር። ጾሙም ሃይማኖቱም በአንድ ሳህን ፈረሰ። ዳኒ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ጋሽ ኃይሉ የራሳቸውን ሳህን በቀስታ ወደ ዳኒ ገፉት።

አሮጊቷ ምን እንዳጠፋች ጠየቀች። ባስረዳኋት ጊዜ፣ አንድ ሰው ዓርብን ስለ እግዚአብሔር ብሎ መጾሙ በጣም ደስ አላት፤ ጓዳ ገብታ ጎመን በዘይትና በሽንኩርት ብቻ እንደ አዲስ ሠራችልን፤ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ ጨመረችበት። በልተን ስንወጣ ለመንገድ የኮክ ፍሬ በከረጢት ሰጠችን። ስለ አሳማው ጉዳይ ነፍስ አባቴን አነጋግሬያለሁ፤ በስሕተት ነው፣ ተፈትቻለሁ።

በወንዙ አጠገብ የእንጨት ጎጆ ተከራይተን አደርን።

ቅዳሜ

የጀልባችን መሪ ጄን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። መጀመሪያ እሷም የምንፈርመው ወረቀት ሰጠችን፤ ብንሞት ድርጅቷ እንደማይጠየቅ የሚገልጽ ነው። ዳኒ ሳያይ ፈረመ። እኔ ከጀርባው ጀመርኩ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው የራስ ቁር አድርጎ ይጠብቀኝ ጀመር።

«ጀስት ሳይን አድርገው፣ ብርሃኑ! ሰው በሙቀት ሊሞት ነው።»

«በሙቀት መሞት እዚህ ውስጥ አልተጠቀሰም» አልኩና ጨረስኩ። ከዚያ ጄንን የሥራ ፈቃዷን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። በሕይወቷ ጠይቋት የሚያውቅ እንደሌለ ነግራኝ እየሳቀች ካርዷን አወጣች፤ ቁጥሩን በማስታወሻዬ ላይ ገለበጥኩ። ዳኒ ፊቱን በቁሩ ሸፈነ።

ወንዙን እንዴት ብዬ ላስረዳ? የደብረ ብርሃኑን ወንዝ በረሳን በክረምት አስቡት፤ ከዚያ ከጣርማ በር ላይ አፍስሱት። ጄን «ቅዘፉ!» ስትል እንቀዝፋለን፤ «ያዙ!» ስትል እንይዛለን። ጀልባው አፍንጫውን ይሰቅልና ይወድቃል፤ ውሃው ፊታችንን ይመታል። ጋሽ ኃይሉ በየፏፏቴው የአንድ ታቦት ስም ይጠሩ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ታቦት አልቆባቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

አምስተኛው ፏፏቴ ላይ «ያዙ» ስትል ቀዘፍኩ። ከጀልባው ተስፈንጥሬ ወጣሁ። ውሃው ውስጥ ሳለሁ ጄን ጠዋት ያስተማረችንን አስታወስኩ፤ በጀርባ ተኛ፣ እግር ወደፊት። ያለበሱን የመንሳፈፊያ ሰደርያ አንሳፈፈኝ፤ እግሬ ግን ቀድሞ ድንጋይ አገኘ። ሲያወጡኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዳቦ ተነፍቶ መርገጥ አቃተኝ።

በአቅራቢያው ትንሽ ክሊኒክ ነበር። በዕድሜ የገፋው ሐኪም እግሬን ዳሰሰና፣ «ከተሰበረ ስድስት ሳምንት አትንቀሳቀስም» አለ። ስድስት ሳምንት ማለት መስከረም ሲያልቅ ነው። ሕመሙ ጠፋኝ። የታዩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የእኔን መቅረት ለማያምናቸው ጓድ ሲያስረዱ።

ነርሷ ካርድ አለህ ወይ አለችኝ። ከአንገቴ ክታቤን አወጣሁ። በመቀስ ቀደደችው፤ አንዲት ጠብታ አልገባበትም። ወረቀቱ ላይ ወዳለው የመድን ድርጅቱ ስልክ ደውላ ስታቀብለኝ አንድ ሰውዬ ጠየቀኝ፦ የት? በስንት ሰዓት? መሪው ፈቃድ ነበረው? ማስታወሻዬ ኪሴ ውስጥ ረጥቦ ነበር፤ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ግን ይነበባል። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ከዚያ በኋላ ዳኒ ስለ ፈቃዱ ተናግሮ አያውቅም።

ራጁ እስኪወጣ ጋሽ ኃይሉ፣ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ፣ ከጎኔ ቆመው ቆዩ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ «ወለምታ ነው። በክራንች ትሄዳለህ፤ መብረር ትችላለህ» አለ።

ጋሽ ኃይሉ ሐኪሙን ጉንጩን ሳሙት። ሰውዬው አልለመደውም።

እሑድ

ቀስ ብለን ተመለስን። አሮጊቷ ቤት ደግመን ቆምን፤ እግሬን ስታይ ሌላ ከረጢት ኮክ ጨመረች። እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠበቁን፤ ክራንቹን አዩ፣ ጋሽ ኃይሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወረቀቱስ?»

«አልረጠበም።»

«ግባ» አሉኝ፤ እግሬን በትራስ ላይ ሰቅለው ሾርባ አመጡ። ስለ ወንዙ የጠየቁኝ ከጠጣሁ በኋላ ነው፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስነገሩኝ፣ ታቦቶቹን ሳይቀር።

ረቡዕ በአውሮፕላን ማረፊያው የመድን ድርጅቱ ተሽከርካሪ ወንበር አዝዞልኝ ነበር። የሚገፋው ሠራተኛ ሲመጣ ጋሽ ኃይሉ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ደረሱና ወንበሩን ተቀበሉት። «ፈርሜአለሁ» አሉት ለሰውዬው፤ እስከ አውሮፕላኑ በር ገፉኝ።

ደብረ ብርሃን

ጳጉሜ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው በክራንች አውራጃው ጽሕፈት ቤት ገብቼ ፈረምኩ። የጋሽ ተሰማ የዋስትና ወረቀት ተመለሰላቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እግሬን አዩ።

«ሙሉ ነው ያልኩህ።»

«ሙሉ ነው፣ ጋሼ። ትንሽ ትርፍ አለው፣ እብጠቱ።»

ሻይ ቤት ገብተን ነጩን ወረቀት አሳየኋቸው። የሒሳብ መምህር ስለሆኑ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ከጀርባው ጀመሩ። ስማቸው የተጻፈበት ደርሰው ቆሙ። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«በዚያው ሳምንት» አሉ በመጨረሻ፣ «በደህና ከመለስሽልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ለማርያም ተስዬ ነበር። አሁን አስላው፤ ባትመለስ ገንዘቡ የእኔ ነበር። በመመለስህ ያንንም አጣሁ፣ ጃንጥላም ልገዛ ነው።» ሳቃቸው ሻይ ቤቱን ሞላው።

ጃንጥላውን አብረን መረጥን፤ ቀይ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ። ወደ ማርያም ስንሄድ የጳጉሜ ዝናብ ጣለ። እኔ በክራንች፣ እሳቸው ጃንጥላውን እንደ ሕፃን ታቅፈው።

«ጋሼ፣ ይዘርጉት እንጂ!»

«የእመቤቴ ነው» አሉ። «ስለቱ እኔን አይጨምርም።»

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ረጠብን፤ ጃንጥላው ደረቁን ገባ።